የመጀመሪያው አዝመራ የሚሸፍነው ዕዳ

በሰሜን ጎንደር ደጋ አዲስ የተመነጠረ መሬት በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ገበሬው አስታውንና አምጃውን ቆርጦ፣ ጉቶውን ነቅሎ፣ ጭራሮውን እዚያው አቃጥሎ የዘራው ገብስ ከአሮጌው ማሳ ገብስ ይረዝማል፣ ዛላው ይከብዳል፣ ማዳበሪያም አይጠይቅም። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ምንጣሮ ያዋጣል የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ የሚናገረው ዓይኑ ያየውን ነው። ስለ ደን ጭፍጨፋ ጉዳት ይህን ያህል ዘመን ሲሰበክ ኖሮ ምንጣሮው ያልቆመበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ጥቅሙ በዚያው ክረምት እጅ ላይ ይገባል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም በልጅ ዘመን ነው።

ያ ጥሩ አዝመራ የአዲሱ እርሻ ፍሬ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ደኑ በመቶዎች ዓመታት ያከማቸው ጥሪት ወጪ ሲሆን ነው እንዲያ የሚያምረው። ጥሪቱ ሲያልቅ ገበሬው ወደ ከፍታው አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ከዚያም ሌላ እርምጃ። ተራራው ግን መጨረሻ አለው። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች ዛሬ የምናየው የአፈር ድካም፣ የምንጮች መድረቅና የግድብ በደለል መሞላት የዚህ አንድ ሒሳብ ልዩ ልዩ መስመሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔ የሚባለው ነገርም ይህን ሒሳብ ካላየ ዓመት ዓመት እየተደጋገመ ያው ይሆናል።

ጥሪቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከአፈሩ መነሳት ያስፈልጋል። ከደባርቅ ከፍ ብሎ፣ በጃናሞራና በበየዳ ከፍታዎች ያለው መሬት መሠረቱ እሳተ ገሞራ ነው። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ንብርብር እየሠራ በፈሰሰ ቅልጥ አለት ተገነቡ። በዚህ አለት ላይ፣ በብርዱና በእርጥበቱ መካከል፣ የአፈር ሊቃውንት አንዶሶል የሚሉት ጥቁር አፈር ተፈጠረ። አንዶሶል በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፤ አንድ ሊትር የሚሞላ ደረቅ አንዶሶል 900 ግራም እንኳ አይመዝንም። ቀላል የሆነው ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለተሞላና ብዙ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ሕይወት ያለው ነገር ስለያዘ ነው። ዝናብ ሲጥል ውኃውን ይጠጣል እንጂ አያንሸራትትም። ዝቅ ብሎ በዳባትና በወገራ ቡናማና ቀይ አፈር፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ ዋልካ ይበዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው፤ ደኑ ሲነሳ የሚደርስባቸው ነገር ግን በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

ደን ከላይ ቅጠል ያረግፋል፣ ከታች ሥር ያሰማራል። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል፤ ትሎችና ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ያብላሉታል። በደጋው ብርዱ መብላላቱን ስለሚያዘገየው ከሚጠፋው የሚከማቸው ይበልጣል። በዚህ መንገድ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፈርና ሌላውም ለሰብል የሚያስፈልገው ሁሉ ከአፈሩ የላይኛው ክፍል ጋር ይተሳሰራል። የአፈር ቅንጣቶችም በዚሁ ብስባሽ ተጣብቀው ጓል ይሠራሉ። የጓሉ ጥንካሬ ነው ዝናብ ሲመታው እንዳይፈርስ የሚያደርገው።

ማረሻ ሲገባ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። የእኛ ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ ይሰነጥቀዋል፣ ይፈረፍረዋል። በተፈረፈረው አፈር ውስጥ አየርና ሙቀት ይገባል፤ ለመቶ ዓመት ቀስ እያለ ይብላላ የነበረው ብስባሽ በጥቂት ዓመታት ይቃጠላል። ሲቃጠል ምግቡን ይለቃል፤ የመጀመሪያዎቹ አዝመራዎች የሚያምሩት በዚህ ነው። ምንጣሮውን ተከትሎ የተቃጠለው ጭራሮ አመድም የአፈሩን ኮምጣጣነት ለጊዜው ያረግብለታል። ሆኖም የወጣውን የሚተካ የለም። ገብሱ ታጭዶ ይወሰዳል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል፣ ቆረቆንዳው ላይ ልቅ ግጦሽ ይለቀቅበታል፣ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በደን ውስጥ ዑደት የነበረው ነገር በማሳው ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ጉዞ ይሆናል።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጉዎ እና ጊፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በዓለም ዙሪያ የታተሙ 74 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ የተፈጥሮ ደን ወደ እርሻ ሲለወጥ በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአማካይ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። ካርቦን ማለት እዚህ ላይ የብስባሹ መጠን ማለት ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ያነሰው ጥሪት ጠፋ እንደማለት ነው። በአገራችንም ሙሉጌታ ልመንህና ባልደረቦቹ በደቡብ፣ በሙነሳ ደን ዙሪያ፣ ከተመነጠሩ ጥቂት ዓመታት ካለፋቸው እስከ 53 ዓመት ድረስ የታረሱ ማሳዎችን ጎን ለጎን መርምረው የመውረዱን መንገድ አሳይተዋል። ለጎንደር ቅርብ የሆነው ደግሞ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በጣራ ገዳም የተሠራው ነው። እያዩ ሞላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የገዳሙን ደን አፈር ከአጠገቡ ካለው ማሳ አፈር ጋር አነጻጸሩ። የታረሰው መሬት ብስባሹና ናይትሮጅኑ አንሷል፣ ምግብ ይዞ የማቆየት ኃይሉ ወርዷል፣ አፈሩም ተጠቅጥቆ ከብዷል። ተራራው፣ አለቱና ዝናቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው አጠቃቀሙ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት አፈሩ እዚያው ባለበት ስለሚደርስበት ድህነት ነው። የከፋው ግን አፈሩ ራሱ ባለበት አለመቆየቱ ነው። እዚህ ላይ ስሜንና ሃንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የመልክዓ ምድር ሊቅ ይገናኛሉ። ሁርኒ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል፤ የአፈር መሸርሸርን በዓይኑ ያጠናው በዚያ ነው። በ1981 የተመሠረተውንና በጎጃም አንጀኒን፣ በወሎ ማይባርን፣ በሸዋ አንዲት ጥድን የመሳሰሉ ጣቢያዎች የነበሩትን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመራውም እሱ ነው። ከዚያ ሥራ ከወጡት ነገሮች ሁሉ እኔን አጥብቆ የሚይዘኝ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ዝናቡ፣ አፈሩና ተዳፋቱ እኩል ቢሆኑ መሬቱን የሸፈነው ነገር ብቻ በመሸርሸሩ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለውን ያሳያል። ጥቅጥቅ ላለ ደን የተሰጠው ቁጥር 0.001 ነው። ለገብስና ለመሳሰሉት ሰብሎች 0.15፤ ለጤፍ 0.25። ማለትም አንድ ተዳፋት ከደንነት ወደ ገብስ ማሳነት ሲለወጥ አፈሩ የመታጠቡ ዕድል በ150 እጥፍ፣ ወደ ጤፍ ማሳነት ሲለወጥ በ250 እጥፍ ይጨምራል።

ይህ ቁጥር ከመጽሐፍ ወርዶ ሲመዘን ምን ይሆናል? ሁርኒ ለአገሪቱ ባወጣው ግምት ከደን መሬት በዓመት ከአንድ ሄክታር 1 ቶን አፈር፣ ከእርሻ መሬት 42 ቶን ይታጠባል። 42 ቶን በአንድ ሄክታር ላይ ሲነጠፍ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ለዓይን አይታይም፤ ማንም ገበሬ ማሳው ዘንድሮ አነሰብኝ ብሎ አይከስስም። ነገር ግን ማረሻው የሚደርስበት 20 ሳንቲ ሜትር ተጠርጎ ለማለቅ 50 ዓመት ይበቃዋል፤ ያም የአንድ ገበሬ የሥራ ዘመን ነው። አፈር በተፈጥሮ የሚተካው እንደ ቦታው በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሆነ ያው ተመራማሪ ገምቷል። ጥሩ በሚባለው ቦታ እንኳ ከሚጠፋው ግማሹን የሚተካ ማለት ነው። የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያጠናቀቀው የኢትዮጵያ ደጋዎች ጥናት 2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ከእንግዲህ ሰብል ሊያበቅል ከማይችልበት ደረጃ መድረሱን መዝግቧል። ጭንጫ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

የጎንደር ክረምት ደግሞ ለዚህ ጉዳት የተመቸ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጨምቆ ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። ማሳው ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ልሞ የሚገኘውም በዚያው ወቅት ነው። ሰብሉ ገና አልበቀለም፣ መሬቱ ራቁቱን ነው፣ ዝናቡ ከባድ ነው። በደጋው ቅዝቃዜ ቡቃያው ቀስ እያለ ስለሚያድግ መሬቱ ሳይሸፈን የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ጎርፉ መጀመሪያ የሚወስደው ቀላሉንና ብስባሽ ያለውን፣ ማለትም ምርጡን ነው። ገበሬው በድንጋይ የተሞላ ማሳ ሲያርስ ብዙ ጊዜ ድንጋዩ በቀለ ይባላል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነበረ፣ ከላዩ የነበረው አፈር ነው የሄደው።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ጉዳት አለ። በአንጀኒ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት ደን ከተነሳና ብስባሹ ካለቀ በኋላ ከላይ የሚታጠበው ደቃቅ አፈር ወደ ታች ሰርጎ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከማረሻው በታች ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። ውኃ ይህን ንጣፍ አልፎ አይሰርግም፣ የሰብሉም ሥር አያልፈውም። ስለዚህ ያው ዝናብ በክረምት የበለጠ ጎርፍ፣ በበጋ ያነሰ ምንጭ ይሆናል። ገበሬዎች ዝናብ ቀነሰ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚገልጹት ይህንን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ከሰማይ የሚወርደው ሳይጎድል መሬት ውስጥ የሚቀረው ሊጎድል ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የገጠር ጉዳይ መሆኑ ያበቃና የከተማ ጉዳይ ይሆናል። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻቸውን የቆረቆሩት በሁለት ወንዞች፣ በአንገረብና በቀሃ መካከል ነው። ቀሃ በየዓመቱ ጥምቀት የሚከበርበትን የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ወንዝ ነው። አንገረብ ላይ ደግሞ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ ለዓመታት የተሸከመው ግድብ ተሠርቷል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 207,044 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በሁሉም አቅጣጫ ሰፍታለች፣ ግድቡ ግን ጠብቧል። የሚያጠበው ደለል ነው። ደለሉም ከየትም አልመጣም፤ ከግድቡ በላይ ካሉት የተመነጠሩ ተዳፋቶች የወረደ የሰው ማሳ ነው። በጎንደር ቤቶች ቧንቧ ለቀናት ሲደርቅና ጀሪካን ተሸክሞ መሰለፍ ሲመጣ ሰው የሚወቅሰው ፓምፑን፣ መብራቱን ወይም ጽሕፈት ቤቱን ነው። ወቀሳው ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ከግድቡ በላይ ያለው መሬት እስካልተሸፈነ ድረስ አዲስ ፓምፕ ውኃ አይፈጥርም።

ከአንገረብና ከቀሃ ያመለጠው አፈር ወደ መገጭ ይገባል፤ መገጭ ወደ ጣና። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ እምቦጭ መታየት የጀመረው በደምቢያ በኩል፣ መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። እምቦጭን ያመጣው አፈሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የከተማ ቆሻሻም የማዳበሪያ እጥበትም አለበት። ይሁንና አረሙ የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከአፈሩ ጋር ተያይዞ የሚወርድ መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው በውድ ገዝቶ ማሳው ላይ የበተነው ማዳበሪያ ሐይቁ ላይ አረም ሲያበቅል ማየት ከሁሉም በላይ ያሳዝናል። ከስሜን ምሥራቃዊ ገጽ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ እዚያም 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ለብዙ ዓመታት የተዛባ ታሪክ ሲነገረን ኖሯል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 40 በመቶ የነበረው የአገሪቱ ደን በአንድ ምዕተ ዓመት ወደ 3 በመቶ ወረደ የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደገማል። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ አኃዝ የጸና ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። በወሎ ከሐይቅ ሐይቅ ወለል የተወሰደ የአበባ ብናኝ ሲመረመርም በዚያ አካባቢ ደን የተመነጠረው ከ2,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው፤ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ የጥድ ደን ተመልሶ ነበር። ማለት የደጋችን ደን ሄዷል፣ ተመልሷል፣ እንደገና ሄዷል። ጎንደርም መናገሻ በነበረችበት ዘመን ለማገዶ፣ ለጣሪያና ኖራ ለማቃጠል ስንት እንጨት እንደፈጀች መገመት አይከብድም። ይህ እውነት ሁለት ነገር ያስተምረናል። የዛሬው ገበሬ ብቻውን ተከሳሽ ሊሆን አይገባም፤ ደኑም ዕድል ካገኘ ይመለሳል።

ዕድሉ የሚጠፋው ጊዜ ሲጠፋ ነው። ያለፈው ግማሽ ክፍለ ዘመን ከቀደሙት የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ጌቴ ዘለቀና ሁርኒ በጎጃም ደምበጫ አካባቢ የአየር ፎቶግራፍ አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት ይህን በጉልህ ያሳያል። በ1957 እ.ኤ.አ. 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። የእርሻው መሬት ከ39 በመቶ ተነስቶ 77 በመቶ ደረሰ። በ38 ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ። ከዚህ በኋላ መሬት ማሳረፍ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ጦም የሚያድር ማሳ የለምና።

ለምን ፈጠነ የሚለውን ለመመለስ የሕዝቡን ብዛት ብቻ መጥራት አይበቃም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አውጥቷል፤ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ደኑንና የወል መሬቱን ባለቤት የሌለው አስመስሎታል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት ዳግም ሲደለደልም ያው ስጋት ተመለሰ፤ ነገ ለሌላ ይሰጣል ተብሎ በሚፈራ መሬት ላይ ማን ዛፍ ያቆያል? የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መምጣቱ ለማሳው ይህን ፍርሃት ቀንሷል። የወል ደን ግን እስከ ዛሬ ደብተር ያለው ጠባቂ አላገኘም ማለት ይቻላል። ከአባቱ ግማሽ ሄክታር የሚካፈለው ወጣት፣ ሥራም ከተማም የማይቀበለው፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ቢወጣ ልንገረም አይገባም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ደንግጎ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶ ብቻ እንዲሆን አዞ ነበር። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ቁልቁል የሚጓዝ ሰው ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደተከበረ በመስኮቱ ያየዋል። እኔ የሕጉን መንፈስ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ለሚከለከለው ሰው ምን ይሰጠዋል የሚለውን ያልመለሰ ክልከላ ገበሬውን ሌባ ከማድረግ በቀር አፈሩን አያድንም።

በዚህ ሁሉ መካከል ደጋው ምን እንደነበረ የሚመሰክር አንድ ነገር ቀርቶልናል፤ የአብያተ ክርስቲያናት ደን። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነቱ የሚያውቀው ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ሊቅ ነው፤ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ የሠራውን የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 አጠናቋል። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑት እነዚህ ደኖች በሰፊ ማሳ መካከል የቆሙ ትናንሽ አረንጓዴ ክብ ቦታዎች ናቸው። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና በውስጣቸው አለ። ጎንደር ከተማ ውስጥም የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቅጥር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እስካሁን የተነገረላቸው በዛፎቻቸውና በወፎቻቸው ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ሀብታቸው ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ነው እላለሁ። ማረሻ ነክቶት የማያውቅ አፈር በየቀበሌው አለ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ማሳ ምን ያህል እንደተራቆተ ለማወቅ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ አካፋ ቆፍሮ ማነጻጸር ይበቃል። የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች በየወረዳው ይህን ቢለኩና ውጤቱን ለገበሬው በሚገባው መንገድ ቢያሳዩ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያስተምር ነበር።

ሌላው ትልቅ ትምህርት ቤት ራሱ የስሜን ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ወሰኑ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ በፓርኩ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ስለ ዋልያው ብዙ ተጽፏል። ስለ ተዛወሩት ሰዎች ኑሮ ግን በቂ አልተጻፈም፤ የአፈር ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለአገርና ለዓለም ሲባል እርሻውን የለቀቀ ሰው በከተማ ዳርቻ ድሀ ሆኖ ከቀረ፣ ቀጣዩ መንደር በፈቃዱ ይነሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከአፈሩ ወገን ሲታይ ደግሞ እርሻ ባቆመ መሬት ላይ ሣሩ ፈጥኖ ይመለሳል፣ ጓሳውና አስታውም በየተራ ይከተላሉ፣ የታጠበው ጥልቀት ግን በሰው ዕድሜ አይመለስም። ስለዚህ ያልተመነጠረውን ማዳን የተመነጠረውን ከማከም በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ስለ ማከም ስናወራ አገሪቱ ሰነፈች ማለት ግፍ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በምግብ ለሥራ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ እርከን ሠርቷል፣ ክትር አስሯል፣ ችግኝ ተክሏል። እርከን የሚንሸራተተውን አፈር ያቆማል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እርከን የቆመውን አፈር አያበለጽግም። የተራቆተ አፈር በእርከን ላይ ሆኖም የተራቆተ ነው። ችግኙም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። የገበሬውን ምርጫ አልነቅፍም፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ይሸጣል፣ ማገዶም ይሆናል፤ ለጥንቱ ደን ቁርጥራጭም ጋሻ ሆኖታል። ሆኖም የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ እንደ ደን ተቆጥሮ ሪፖርት ሲደረግ የደን ሽፋን አደገ ማለት አፈሩ አገገመ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

አፈሩን የሚመልሰው ከአፈሩ የወጣው ሲመለስለት ነው። ለዚህም ቁልፉ ጓዳ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በጎንደር ደጋ እንጨቱ ሲያልቅ እበት ማገዶ ሆነ። ኩበት በተቃጠለ ቁጥር ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፣ ብስባሽ ሊሆን የሚገባውም አመድ ይሆናል። ስለዚህ ደን ሲጠፋ አፈር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በቀጥታ ሲመነጠር፣ ሌላ ጊዜ እበቱን ሲነጠቅ። ምርጥና ጎንዚዬ የሚባሉት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች፣ ለኤሌክትሪክ ቅርብ በሆኑት ከተሞች የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በየቤቱ ዙሪያ ለማገዶ ብቻ የሚተከል ጥቂት ዛፍ፣ እነዚህ የእናቶችን ድካም የሚቀንሱ ነገሮች ተብለው ወደ ዳር ይገፋሉ። እኔ የአፈር ፖሊሲ እምብርት ናቸው እላለሁ። አንድ ቤተሰብ ኩበቱን ከምድጃ አውጥቶ ወደ ማሳ ሲመልስ ነው ዑደቱ መዞር የሚጀምረው። ልቅ ግጦሽን በአጭዶ መመገብ መተካት፣ በእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣርና ትሪሉሰርን ማብቀል፣ ገለባውን ሁሉ ከማሳ አለማንሳት ከዚህ ቀጥለው ይመጣሉ።

ስለ ማዳበሪያም እውነቱ ይነገር። ዩሪያና ኤንፒኤስ ብስባሹ ባለቀ አፈር ላይ የሚሰጡት ምርት ያነሰ ነው፤ የሚይዛቸው የለምና ይታጠባሉ። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኮምጣጣነት እንዳጠቃው ይገመታል፤ እንዲህ ባለ አፈር ላይ ፎስፈረሱ ተቆልፎ ይቀራል። ኖራ ይረዳል፣ ግን ከባድ ጭነት ነው፣ መንገድ በሌለው ቀበሌም አይደርስም። ማዳበሪያ ብቻውን የደኑን ጥሪት ይተካል ብሎ ማቀድ ገበሬውን ለዘለዓለም የብድር ተገዢ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ከጎንደር ከተማ ነዋሪና ከአስተዳዳሪዎቿ የምለምነው አለ። ከግድባችሁ በላይ ያለው ገበሬ ተዳፋቱን ባያርስ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ግን የአለማረሱን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ብቻውን ነው። በየወሩ ከምትከፍሉት የውኃ ሒሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተለይቶ፣ በአንገረብና በመገጭ ተፋሰስ አናት ተዳፋቱን ለሣርና ለዛፍ ለሚለቅ፣ ኩበቱን ወደ ማሳ ለሚመልስ ቤተሰብ በቀጥታ ይድረስ። ክልሉም በስሜን፣ በወገራና በዳባት የቀሩትን የወል ደኖች ከአጠገባቸው ለሚኖረው ሕዝብ በደብተር ያስረክብ፤ አዲስ ምንጣሮንም ዛሬውኑ ያስቁም፣ ለሚከለከለው ወጣት ሌላ መተዳደሪያ ከፊት አዘጋጅቶ። ደለሉን ከግድቡ ለማውጣት የሚፈጀው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ወጥቶም ወደ ማሳው አይመለስም።